የትንፋሽ አልኮል መመርመሪያውና ቬፑ

ቅዳሜ ሌሊት ከቦሌ መድኃኔዓለም ወይም ከአትላስ ተነሥቶ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲ ወይም ወደ አያት የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ሊያስቆመው ይችላል። የሚቀርብለት መሣሪያ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ጫፉ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀየር የፕላስቲክ መንፊያ የሚሰካበት ነው። አሽከርካሪው ሳያቋርጥ በረጅሙ ይነፋል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቁጥር ይወጣል። በዚያ ቁጥር አንዱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሌላው መኪናውን አቁሞ ይጠየቃል። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣና ምን ሊያሳስተው እንደሚችል ማወቅ ለሚነዳውም ለሚመረምረውም ይጠቅማል፤ ከሁሉ በላይ ግን በዚያው ሰዓት መንገድ ለሚያቋርጠው እግረኛ ይጠቅማል።

መሣሪያው ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ከተማችን ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በብሉምበርግ የዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከታቀፉት አሥር ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ጠጥቶ ማሽከርከርን መቆጣጠር ደግሞ ከፕሮግራሙ ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ነው። በዚህች ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች በመሆናቸው ቁጥጥሩ ተገቢ መሆኑን አልጠራጠርም። የምጽፈውም ሰዎች መሣሪያውን እንዲያመልጡት ሳይሆን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚስብ ሰው መጠጥ ሳይቀምስ መሣሪያው ጠጥቷል ሊለው ይችላል? ይችላል፤ ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያው ምን እንደሚለካ ማየት ያስፈልጋል።

የጠጣነው አልኮል ከሆድና ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ደሙም ሳንባ ደርሶ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ይገናኛል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ በቀር በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ነገር ከፈሳሹ በላይ ባለው አየር ውስጥ የሚገኘው በተመጣጣኝ መጠን ነው። ጠጅ በተቀዳበት ብርሌ አንገት ላይ አፍንጫውን ያስጠጋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጠጁ በበረታ ቁጥር ሽታውም ይበረታል። ሳንባ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ በብዙ አገሮች ይሰላል። መሣሪያው ደም ሳይነካ ስለ ደም የሚናገረው በዚህ ስሌት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮላ ሃርገር በ1930ዎቹ ፊኛ የሚያስነፋ መሣሪያ ሠራ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የኢንዲያና ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ቦርከንስታይን በኬሚካል ቀለም ለውጥ የሚሠራ፣ ለመያዝ የሚቀል ሌላ መሣሪያ አወጣ። ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታየው ዓይነት የተስፋፋው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ፣ በዌልስ የሚገኘው ላየን ላቦራቶሪስ በኤሌክትሪክ የሚለካውን ከሠራ በኋላ ነው።

የዚህ መሣሪያ ልብ ፊውል ሴል ይባላል። ሁለት ስስ የፕላቲነም ንጣፎች ናቸው፤ በመካከላቸው አሲድ አለ። አልኮል ፕላቲነሙን ሲነካ ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ኮምጣጣ ወደሚያደርገው አሲድ ይለወጣል፤ በለውጡም ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ብዙ አልኮል ብዙ ኤሌክትሪክ፣ ጥቂት አልኮል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። መሣሪያው የሚወስደው ናሙና አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሚወስደውም በትንፋሹ መጨረሻ ላይ ነው። ፖሊሱ “ሳያቋርጡ ይንፉ” የሚለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የአፍና የጉሮሮ አየር ነው፤ የሚፈለገው ግን ከሳንባ ጥልቀት የሚመጣው ነው።

መጠኖቹን እንይ፤ የቬፑ ጉዳይ የሚፈታው በእነርሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት የኢትዮጵያ ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ለ2,100 ሲካፈል በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.38 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። መሣሪያው በሚወስደው አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ደግሞ ከግራም ሚሊዮንኛ ግማሽ እንኳ የማይሞላ አልኮል አለ ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር የሚለካ መሣሪያ፣ አፍ ውስጥ የቀረች ጠብታም ታሳስተዋለች።

የቬፕ ፈሳሽ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፤ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ይጨመርበታል። ሁለቱ ዋና ፈሳሾች በኬሚስቶች አቆጣጠር ከአልኮል ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙ ሰው የሚፈራው እነርሱን ነው። ነገር ግን ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188 ዲግሪ፣ ግሊሰሪን በ290 ዲግሪ ነው የሚፈላው፤ የመጠጥ አልኮል ግን በ78 ዲግሪ። ስለዚህ ሁለቱ በትንፋሽ ውስጥ የሚቆዩት በአብዛኛው እንደ ጉም በደቀቁ ጠብታዎች መልክ ነው፤ እንደ መጠጥ አልኮል በቀላሉ ተነው ፕላቲነሙ ላይ አይደርሱም። ጥፋቱ የሚመጣው ከማጣፈጫው ጋር ነው፤ ማጣፈጫ ብዙ ጊዜ የሚሟሟው በእውነተኛው የመጠጥ አልኮል፣ በኤታኖል ነው። የአሜሪካ የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 56 የቬፕ ፈሳሾችን መርምረው፣ በአንዳንዶቹ ምንም ኤታኖል ሳያገኙ በአንዱ ግን በሚሊ ሊትር እስከ 206 ሚሊ ግራም አግኝተዋል። ይህ ከብርቱ ጠጅም በላይ ነው።

እንዲህ ያለ ብርቱ ፈሳሽ የያዘ ሰው አንዴ ሲስብ አምስት ሚሊ ግራም ፈሳሽ ተነነ እንበል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ኤታኖል ነው። ያቺ አንድ ሚሊ ግራም በአንድ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ብትወጣ ከ0.38 ወሰን በእጥፍ ትበልጣለች፤ መሣሪያው ሊጮኽ ይችላል። ደሙ ግን? አንድ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። አንድ ቢራ የሚያህል አልኮል ለማግኘት ሰውየው 13 ሺህ ጊዜ መሳብ አለበት። ስለዚህ ቬፕ አያሰክርም፤ አፉን ግን ለአፍታ የሰከረ ሰው አፍ ያስመስለዋል።

አፍታው ምን ያህል ነው? አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል በምራቅና በትንፋሽ ቶሎ ይጠፋል። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ጥንቃቄ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ አንዳንድ ቦታ 20 ያደርጉታል። በዚያ ጊዜ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ የለም፤ ከዚያ በድጋሚ ይለካል። ከአፍ የመጣ አልኮል ከሆነ ቁጥሩ ይወድቃል፤ ከደም የመጣ ከሆነ ባለበት ይቆያል። የመጨረሻዋን የአረቄ መለኪያ ጨልጦ መኪና ውስጥ ለገባውም፣ አልኮል ባለው መጉመጥመጫ አፉን ለታጠበውም ይኸው ነው የሚሠራው። በእጅ ማጽጃ ሳኒታይዘርም እንዲሁ፤ ገና ያልደረቀ እጅ መንፊያው አጠገብ ቢጠጋ ትነቱ ወደ መሣሪያው ሊገባ ይችላል።

የጾመ ሰውስ? በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ አሽከርካሪና የስኳር ሕመምተኛ ትንፋሻቸው ላይ አሴቶን ሊኖር ይችላል። ፊውል ሴል አሴቶንን አያይም፤ ስለዚህ አሴቶኑ ራሱ የፖሊሱን መሣሪያ አያሳስተውም። ከመኪና ቁልፍ ጋር የሚንጠለጠሉት ርካሽ መለኪያዎች ግን ሴሚኮንዳክተር የሚባል ሌላ ዓይነት መለኪያ ክፍል ነው ያላቸው፤ አሴቶኑንም፣ የሲጋራ ጭሱንም፣ ሌላውንም ጋዝ ከአልኮል ሊያምታቱት ይችላሉ። በእነርሱ ቁጥር ተማምኖ “አልጠጣሁም ይላል” ብሎ መንዳት አደገኛ ነው።

አዲስ አበባን የሚመለከት ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ከቬፑ ይልቅ የሚከብደው እርሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከሳንባ የሚወጣውን አልኮል ይህ አይለውጠውም፤ እርሱን የሚወስኑት የደሙ አልኮልና የሰውነት ሙቀት ናቸው። መሣሪያው ግን በየጊዜው መስተካከል አለበት፤ ለማስተካከልም አንዱ መንገድ መጠኑ የታወቀ አልኮል ያለበት የሲሊንደር ጋዝ ማስገባት ነው። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ወለል ግፊት ነው። ያው ጋዝ ቦሌ ላይ ሲለቀቅ ይሰፋል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው አልኮልም ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ባለሙያው ይህን ሳያሰላ የተጻፈውን ቁጥር ቢያስገባ፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ሰውን ሁሉ በሦስተኛ ያህል ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ደሙ ውስጥ 0.6 ያለው ሰው 0.8 አካባቢ ይወጣለታል። ብዙ ዘመናዊ መሣሪያዎች የግፊት መለኪያ ስላላቸው ራሳቸው ያሰሉታል። በ34 ዲግሪ የሚሞቅ የአልኮልና የውኃ ድብልቅ ተጠቅሞ ማስተካከልም ይቻላል፤ ያ በከፍታ አይነካም። የቬፕ ስሕተት ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ የማስተካከል ስሕተት ግን ሰው እስኪያርመው ድረስ ሌሊቱን ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ በሚነፋው ሁሉ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የየመሣሪያው የማስተካከያ መዝገብ፣ መቼና በምን እንደተስተካከለ፣ በደንብ መያዝ አለበት እላለሁ።

ወደ ቬፑ ስንመለስ፣ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል፤ በምግብና በመጠጥ ቤቶች ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ። ከክልከላው አልፎ እጅ የገባ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ኤታኖል እንዳለ የተቆጣጠረ አካል የለም። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ስለተከለከለም፣ ሰው ቬፑን የሚስበው ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ ሊሆን ይችላል፤ ከመመርመሪያው ፊት በሚቆምበት ጊዜ ደቂቃዎቹ ገና አላለፉም። እንዲህ የሆነበት ሰው አሁን እንደሳበ ለፖሊሱ በትሕትና መናገር፣ 15 ደቂቃ ተጠብቆ በአዲስ መንፊያ እንዲለካም መጠየቅ አለበት። ጭስ በቀጥታ ወደ መሣሪያው መንፋት ፊውል ሴሉን ስለሚጎዳ፣ መጠበቁ ለፖሊሱም ይበጃል።

የመጠጥ ሽታ ለመሸፈን ብሎ ቬፕ የሚስብ ካለ ግን አይረዳውም። ፊውል ሴል ሽታ አይለካም፤ ሚንትም እንጆሪም ቁጥሩን ዝቅ አያደርጉትም። አልኮልን ከደም የሚያወጣው በዋናነት ጉበት ነው፤ እርሱም በሰዓት ከሊትር ደም በግምት ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ነው የሚያጠራው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ 1.2 የነበረ ሰው፣ መካከለኛውን 0.15 ብንይዝለት፣ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆንም ገና ከ0.8 በላይ ነው።