መጠበቅ ዕረፍት አይደለም፦ የሥራ ዝለት ከየት ይመጣል?

ሪያድ — በሠራተኞች ጤና ላይ በሚያተኩሩ የዐረብኛ ጽሑፎች ውስጥ «አል-ኢሕቲራቅ አል-ወዚፊይ» የሚል ሐረግ ተደጋግሞ ይነበባል። ቃል በቃል ሲተረጐም «የሥራ ቃጠሎ» ማለት ነው። በአማርኛ ይበልጥ የሚቀርበው «የሥራ ዝለት» የሚለው አነጋገር ነው። ዝለት ከተራ ድካም ይለያል፤ የደከመ ሰው አንድ ሌሊት በደንብ ከተኛ ይበረታል፣ የዛለ ሰው ግን ተኝቶም ደክሞት ይነሣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ አልመዘገበውም። መነሻው መላ ሳይበጅለት የቆየ የሥራ ጫና እንደሆነ ገልጾ ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም መማረር፣ እንዲሁም «የምሠራው ሁሉ ፍሬ የለውም» የሚል ስሜት።

በሀበሾች ዘንድ ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ በስሙ አይጠራም። ሰው የውስጡን ጭንቀት የሚናገረው በአካሉ በኩል ነው፤ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ»፣ «ራሴን ከበደኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። እነዚህ ምልክቶች የሌላ ሕመም ውጤትም ሊሆኑ ስለሚችሉ ሐኪም ማየት ይገባል። ሐኪሙ ምንም ካላገኘ ግን «በሽታ የለብኝም፤ ስለዚህ ሰነፍኩ» ብሎ በራስ ላይ መፍረድ ስሕተት ነው።

የሥራ ብዛት ብቻውን አያዝልም

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ሠራተኛን የሚጎዳው የሥራው ብዛት ብቻ አለመሆኑን አመልክቷል። ጉዳቱ የሚከፋው ሥራው ብዙ ሆኖ፣ ሠራተኛው ግን ሥራውን እንዴትና መቼ እንደሚያከናውን የመወሰን ዕድሉ ጠባብ ሲሆን ነው። ብዙ ሥራ ያለበት፣ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ራሱ የሚወስን ሰው በዚያው ሥራ ሊበረታታና ሊማርበት ይችላል።

ይህ ሐሳብ በሪያድ የቤት ሠራተኛን ወይም የግል ሾፌርን ውሎ ለመረዳት ይጠቅማል። ሾፌሩ ከትምህርት ቤት በር ወይም ከገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ቢቆይ፣ ለተመልካች ያረፈ ይመስላል። የቤት ሠራተኛዋም እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ማድቤት ውስጥ ብትቀመጥ እንደዚያው ነው። የሁለቱም ጆሮ ግን ስልኩና ጥሪው ላይ ነው። ጥሪው መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ አእምሮ በሥራ ላይ ይቆያል። እጅ ሥራ ፈትቶ ልብ ሲጠብቅ ያለፈ ጊዜ ዕረፍት አይባልም።

ጀርመናዊቷ የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳቢነ ዞነንታግ ከሻርሎት ፍሪትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰውን ከሥራ ድካም የሚያገግሙትን አራት ነገሮች ለይተዋል፦ ሥራን ከሐሳብ ማውጣት፣ መዝናናት፣ አዲስ ነገር መማር፣ በትርፍ ጊዜ ላይ ራስ መወሰን። ከአራቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው በመጠባበቅ ውስጥ አይገኙም።

ፊትን መግዛትም ሥራ ነው

ሌላው የማይታይ ሸክም የስሜት ሥራ ነው። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሺልድ ይህን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፏ ያስተዋወቀችው የበረራ አስተናጋጆችን ውሎ አጥንታ ነው። አስተናጋጇ ምግብ ከማቅረብ በተጨማሪ ውስጧ ቢከፋም ፈገግታዋን ማቅረብ ይጠበቅባታል፤ ይህም ጉልበት ይጨርሳል።

የሰው ልጅ እያሳደገች የራሷን ልጅ በስልክ የምታሳድግ እናት ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች። የልጇን መታመም ሰምታ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የምታቅፈውን ሕፃን ማጫወት አለባት። ማታ ደግሞ ለቤተሰቧ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ የምትልከው ገንዘብ ጭንቀት እንዲጨመርበት አትፈልግም። ስለዚህ ቀን ለአሠሪዋ፣ ማታ ለቤተሰቧ ፊቷን ትገዛለች። ይህ ሁሉ ገና በደንብ ባልለመደችው ቋንቋ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ ለመረዳት የምታወጣው ትኩረት ሌላ ድካም ይጨምራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በሳዑዲ ዐረቢያ የሠራተኛ ሕግ መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8 ወይም በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ከ5 ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት እንዳይሠራ፣ ዕረፍቱም ከግማሽ ሰዓት እንዳያንስ ተደንግጓል። በዕረፍት ጊዜ ሠራተኛው በአሠሪው ሥልጣን ሥር አለመሆኑም ተጽፏል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተመራማሪዎቹ ካሉት ጋር ይገጥማል፦ ዕረፍት የሚሆነው ጥሪ የማይጠበቅበት ጊዜ ነው።

የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በተለየ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ደንብ የዕለቱን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል፤ በቀን ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ ደመወዝ ሳይቀነስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ሰጥቷል። «ተከታታይ» የሚለው ቃል ትልቅ ትርጉም አለው። ስምንት ሰዓት ተቆራርጦ ሲሰጥ በድምሩ ያው ይሁን እንጂ እንቅልፉም ሆነ የሐሳብ ዕረፍቱ ያው አይሆንም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ የማይታወቀውን ጊዜ ማሳወቅ ነው። ሠራተኛው «ብዙ ሥራ አለብኝ» ከማለት ይልቅ «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት አልጠራም?» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ለመመለስ ይቀላል። አሠሪውም ሾፌሩን «ጠብቅ» ከማለት «ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለስ» ቢለው ምንም ሳያወጣ እውነተኛ ዕረፍት ሰጠው ማለት ነው። ያረፈ ሾፌር መንገድ ላይ፣ ያረፈች ሞግዚትም ከሕፃን ጋር ይበልጥ ንቁ ስለሚሆኑ ጥቅሙ ለቤቱም ነው።

ሁለተኛው ብቻን አለመሸከም ነው። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዕረፍት ቀን በቡና ዙሪያ መሰብሰብና ከሚታመን ጓደኛ ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጫወት ፊትን ከመግዛት የሚያሳርፉ ናቸው። ወሬው ሁሉ ስለ ሥራ እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ አለዚያ ሥራው ቡናው ድረስ ተከትሎ ይመጣል።

ሦስተኛው እርዳታ መጠየቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ከተጠላ፣ ይልቁንም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ጉዳዩ ከዝለት አልፏልና ለነገ አይባልም። ለሕክምና ምክር የጤና ሚኒስቴር መስመር 937፣ ለሥነ ልቦና ምክር የብሔራዊ የአእምሮ ጤና ማበልጸጊያ ማዕከል ስልክ 920033360፣ ለደመወዝና ለሥራ ውል አቤቱታ የሰው ኀይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር መስመር 19911 አሉ። ዐረብኛው የሚያስቸግረው ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ ወዳጅ አጠገቡ አድርጎ ቢደውል ጉዳዩን በሚገባ ለማስረዳት ይቀለዋል።