ቴስተሩ በርቶ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ

ሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ዱራሜም ካምፓስ አላት። በሁለቱም ከተሞች ክፍል ፈላጊ አይጠፋም። በብዙ ግቢዎች ተከራዮች አንድ ቆጣሪ ይጋራሉ። የማእድ ቤቱ ሶኬት ጸጥ ሲል ታዲያ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «መብራት ጠፋ እንዴ?» የሚለው ነው።

አምፖሉ እየበራ ሶኬቱ ብቻ ከሞተ ግን መብራት ኃይልን መውቀስ አያስኬድም። የአምፖልና የሶኬት መስመር ብዙውን ጊዜ የየራሱ ብሬከር ስላለው፣ ቀድሞ የሚታየው ብሬከሩ መውደቁ ነው።

ብሬከሩ ካልወደቀስ? አንድ ኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይጠጋል፤ የተለመደው ሶኬት የመጨረሻ አቅምም ይኸው ነው። ሽቦውን የያዘችው ብሎን ከላላች መገናኛው ለኤሌክትሪኩ እንቅፋት ይሆናል። እንቅፋቱ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ በ16 አምፔር 25 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ሁሉ ጣት በምታክል ቦታ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ሽቦው ይቃጠልና ይለያያል። ሶኬቶች ተከታትለው ሲዘረጉ ደግሞ የተቃጠለው ከፊተኛው ሆኖ የሞተው የኋለኛው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስለውን ጎረቤቱንና ስካቶላውን ጭምር ማየት ያስፈልጋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ቴስተር ነው። ቴስተሩ በርቶ ምጣዱ አልሞቅ ካለ፣ ፌዙ ደርሷል፤ የመመለሻው መንገድ፣ ኒውትራሉ፣ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። እቃ ተሰክቶና በርቶ ሳለ በሌላ ሶኬት ሁለቱም ቀዳዳዎች ላይ ቴስተሩ ቢበራም አያስገርምም። ፌዙ በእቃው በኩል አልፎ ወደተቋረጠው ኒውትራል ይመጣልና። በዚህ ጊዜ «ኒውትራል ስለሆነ አይነዝርም» ብሎ መንካት ሞት ሊያስከትል ይችላል።

ወጪውስ የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በተከራዩ ላይ ከተጣሉት ጥገናዎች በስተቀር ቤቱን በመልካም ሁኔታ የማቆየት ግዴታን በአከራዩ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ተከራይ ካቻቢቴና ናስትሮ ከማንሳቱ በፊት ዋናውን ብሬከር ያውርድ፣ የጠቆረውን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ ለአከራዩም ያሳይ። አከራዮችም ባለሙያ ይጥሩ። የሽቦው ውፍረት ሳይቀየር የሚወድቀውን ብሬከር በትልቅ አይተኩ።