ድምፅ ማጉያ በበረት አቅራቢያ፦ አተካከሉና አጠቃቀሙ

የሐጅና የአረፋ ሰሞን ሲቃረብ በጅቡቲ በኩል የሚያልፈው የቁም ከብት ንግድ ይጦፋል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የዳመርጆግ የእንስሳት ኳራንቲን በ2006 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ በግ፣ ፍየል፣ ሰንጋና ግመል በዚያ እያለፈ ወደ ዐረብ አገሮች ይጫናል። መኪና ሲራገፍና ተራ ሲጠራ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በዐረብኛ የሚነገረውን ሁሉ በጉሮሮ ብቻ ማዳረስ ያስቸግራል። አምፕሊፋየሩ በውስጡ የተገጠመለት ስፒከር እንዲህ ባለ ቦታ ትልቅ እገዛ ነው። ማይክሮፎንና ኤሌክትሪክ ካገኘ ሌላ ዕቃ አይፈልግም።

ይኸው ዕቃ ከሰው ጭንቅላት በላይ የሚቆም ከባድ ሣጥን፣ ከእርጥብ መሬት አጠገብ የሚዘረጋ ኤሌክትሪክና መንጋን የሚያስበረግግ ጩኸት ነው። በመጫኛው ላይ የደነበረ ሰንጋ እግሩን ሰብሮ ከጭነት ይቀራል፤ እረኛውንም ሊረግጥ ይችላል። ስለዚህ ድምፁ ከመከፈቱ በፊት የስፒከሩ ቦታ በደንብ መታሰብ አለበት።

ቦታ መምረጥ

ሰው በደንብ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው። ከብት ግን እስከ 35 ሺህ አካባቢ ይሰማል፤ በጣም ስለታም የሚሆነውም 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው። ማይክሮፎን ሲያፏጭ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ሰውን ቢያሰለች ከብቱን ደግሞ ያስደነግጠዋል።

ስፒከሩ ፊቱን ወደ ሰው፣ ጀርባውን ወደ በረት አድርጎ ይቁም። ከመጫኛ መወጣጫ፣ ከሚዛንና ከጠባብ መተላለፊያ መራቅ አለበት። እንስሳው በእነዚህ ቦታዎች መሸሻ ስለሌለው በግድ ወደ ኋላ ይገፋል።

ርቀትም ራሱ መከላከያ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በ1 ሜትር 120 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ16 ሜትር ላይ ወደ 96 ይወርዳል። ለሠራተኛ ጆሮ የሚመከረው ልክ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ በ94 ዴሲቤል ግን የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው በስፒከሩ ፊት ተጠግቶ አይዋል።

በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ

ማቆሚያው ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ፣ እግሮቹ እስከ መጨረሻው ተዘርግተው ይቁም። ከሦስቱ አንዱ እግር ስፒከሩ በሚያይበት አቅጣጫ ይሁን፤ የሣጥኑ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያደላ ያ እግር ይደግፈዋል። ምሰሶው ከፍ ካለ በኋላ የመቆለፊያው ፒን መግባቱ ይረጋገጥ፤ ብሎኑን ብቻ ማጥበቅ አይበቃም። ማቆሚያው የስፒከሩን ክብደት እንደሚችል በላዩ ከተጻፈው ቁጥር ይታያል።

በጅቡቲ በበጋው ወራት አሸዋ ያዘለ ሞቃት ነፋስ ይነሣል። የስፒከሩ ሰፊ ገጽ ነፋሱን እንደ ሸራ ስለሚቀበለው ምሰሶውን ዝቅ ማድረግና እግሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት መጫን ያስፈልጋል። ነፋሱ ከበረታ ስፒከሩ ይውረድ። ማንሣቱም ማውረዱም የሁለት ሰው ሥራ ሲሆን ገመዱ አስቀድሞ ይነቀላል።

በግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ

ሣጥኑ በእጀታው ፈጽሞ አይሰቀልም። እጀታ የተሠራው ለመሸከም ነው። ለመስቀል የሚሆነው ሠሪው ያዘጋጀው የብሎን ቀዳዳና ለዚያው ሞዴል የተሠራ ማያያዣ ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ስፒከር በማቆሚያ ላይ ይቅር። ማያያዣው በቆርቆሮ ወይም በአጥር እንጨት ላይ ሳይሆን ክብደቱን በሚችል ግንብ ወይም ብረት ላይ ይታሰር። ከዚህ ሌላ በተለየ ነጥብ የሚታሰር የብረት ገመድ ያስፈልጋል። አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዘዋል። የከብት ማሰሪያ ገመድ ይህን አይተካም። ሥራው ለባለሙያ ቢሰጥ ይመረጣል።

ኤሌክትሪክ

ጅቡቲም ኢትዮጵያም በ220 ቮልት ይጠቀማሉ፤ ሆኖም ከሌላ አገር የመጣ ያገለገለ ስፒከር በ115 ቮልት ላይ ተስተካክሎ ሊሆን ስለሚችል በጀርባው ያለው ጽሑፍ አስቀድሞ ይታይ። በጅቡቲ የተለመደው የፈረንሳይ ዓይነት ሶኬት ከውስጡ የወጣ የመሬት ፒን አለው። ለዚህ ፒን ቀዳዳ የሌለው መሰኪያ ካልገባ መሰኪያው ይቀየር እንጂ ፒኑ አይሰበር። የመሬቱ መስመር ከተቋረጠ ብልሽት ሲያጋጥም ኤሌክትሪኩ በሣጥኑ ብረት ላይ ሊቆም ይችላል።

በአራት እግሩ እርጥብ መሬት የረገጠ ከብት ሰው የማይሰማውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ እንኳ ይሰማዋል። ገመዱ ከብት በማይደርስበት ከፍታ ይለፍ፤ መጋጠሚያዎቹ ከመሬት ይነሡ፤ የተጠቀለለ ማስረዘሚያ ሙሉ በሙሉ ይፈታ። መስመሩ ፍሳሽ ሲያገኝ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ቢኖረው የሰውም የከብትም ሕይወት ይድናል። በጀነሬተር ሲሠራ ደግሞ ሞተሩ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ ስፒከሩ ይሰካል፤ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ይነቀላል።

አከፋፈትና አዘጋግ

ሲከፈት ሚክሰር ካለ እሱ ይቀድማል፤ ስፒከሩ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖ በመጨረሻ ይከፈታል። ሲዘጋ ስፒከሩ ይቀድማል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ የሚወጣው ድንገተኛ ጉምታ መንጋውን ሊያስበረግግ ይችላል። ድምፁ ቀስ እያለ ከፍ ይበል፤ ቀይ መብራት ደጋግሞ ከበራ ይቀነስ።

ተናጋሪው ከስፒከሩ ኋላ ቆሞ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ቢያስጠጋ ፉጨቱ ይቀራል። የማይክሮፎኑን ወንፊት በመዳፍ መሸፈን ግን ያባብሰዋል።

ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቀን አምፕሊፋየሩ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ጀርባው ክፍት ይሁን፤ ጥላም ይደረግለት። በሥራ ላይ እያለ በላስቲክ አይጠቅለል። የባሕሩ ጨው መጋጠሚያዎችን ስለሚበላ ማታ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ።

መንጋው ጆሮውን ቀስሮ መገፋፋት ከጀመረ ድምፁ ወዲያው ይቀነስ። በደነገጠ መንጋ ላይ በማይክሮፎን መጮህ ድንጋጤውን ያብሰዋል። እስኪረጋጋ ድረስ መልእክቱን በእግር ሄዶ መንገር ይሻላል።