ጉርሻው የማን ነው?

በአሜሪካ ከተሞች በስልክ ትእዛዝ ምግብ ቤት ለቤት የሚያደርሰው ወዛደር ብዙውን ጊዜ የወር ደመወዝ የለውም። ኩባንያው በየጉዞው ትንሽ መነሻ ይከፍለዋል፤ የቀረው የደንበኛው ጉርሻ ነው። ቤንዚኑም ጥገናውም ከራሱ ኪስ!

እስቲ ሒሳቡን እንይ። ዶርዳሽ የተባለው ኩባንያ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአንድ ጉዞ፣ 7 ዶላር እንበል፣ ዋስትና ይሰጥ ነበር። ደንበኛው 3 ዶላር ጉርሻ ቢሰጥ ኩባንያው 4 ብቻ ይከፍላል፤ ደንበኛው ምንም ባይሰጥ 7ቱንም ይከፍላል። እኛ መጀመሪያ ስንደምር 10 አልን፤ ተሳስተናል። ለሠራተኛው ሁለቱም ያው 7 ነው። ጉርሻው ለካ የገባው ኩባንያው አፍ ነው!

ጩኸቱ ሲበዛ በ2019 አሠራሩ ተለወጠ። በ2025 ደግሞ ኩባንያው ለዚሁ ጉዳይ በኒውዮርክ ግዛት 16.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኒውዮርክ ከተማም በ2023 ጉርሻ ሳይቆጠር በሰዓት 17.96 ዶላር ዝቅተኛ ክፍያ ደነገገ። ታዲያ አንዳንድ ኩባንያዎች ምን አደረጉ? የጉርሻውን መጠየቂያ ደንበኛው ሒሳቡን ከዘጋ በኋላ እንዲመጣ አደረጉት።