ተረትና እውነታ፦ የአንጀት ጥገኛና የተዳከመ ሰውነት

የአንጀት ጥገኛ ትላትልና ተውሳኮች ጤነኛውን ሰው በቁርጠት ወይም በጥቂት ቀን ተቅማጥ ሊለቁት ይችላሉ፤ የመከላከል አቅሙ የተዳከመውን ግን ሊገድሉት ይችላሉ። በአዳማም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለዚህ ሕመም የሚነገረው አንዳንዱ ነገር ሕክምናን ያዘገያል።

«ተቅማጥ ከሆነ አሜባ ነው፤ ፍላጅል ይበቃል» ይባላል። ፍላጅል አሜባንና ጃርዲያን ያክማል። የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር (ሲዲ ፎር) ከ200 በታች የወረደ የኤችአይቪ ታካሚ ለሳምንታት እንደ ውሃ ሲያስቀምጠው ግን ክሪፕቶስፖሪዲየምና ኢሶስፖራ የሚባሉት ተውሳኮችም መጠርጠር አለባቸው። በተለመደው የሰገራ ምርመራ በቀላሉ አይታዩም፤ ናሙናው ለቲቢ አክታ በሚውለው ዓይነት ማቅለሚያ ሲዘጋጅ ቀይ ሆነው ይወጣሉ። ኢሶስፖራ በኮትሪሞክሳዞል ይድናል። ክሪፕቶስፖሪዲየምን በዋናነት የሚያሸንፈው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነው፤ አቅም ሲመለስ ተቅማጡ ይቆማል።

«ውሃ አጋር የገባበት ውሃ ምንም አያደርግም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በውሃ አጋር ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያን ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን በጠንካራ ሽፋኑ ይቋቋመዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ 400 ሺህ ያህል ሰው የታመመው በቧንቧ ውሃ ነበር። አቅሙ ለደከመ ሰው ውሃው ይፍላ፤ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው «የወስፋት መድኃኒት ወስጃለሁ» የሚለው መተማመን ነው። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው ቀጭን ትል እርጥብና ሞቃት አፈር ይወዳል፤ በመቂና በባቱ የሽንኩርት ማሳ በባዶ እግሩ ጭቃ እየረገጠ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይጋለጥለታል። እጩ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከወስፋት የሚለየው እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርት ዓመታት መኖሩ ነው፤ ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለኩላሊት ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ሲጀመር እጮቹ በብዛት ይረባሉ፤ አንጀቱን እየበሱ ወደ ሳንባና አንጎል ሲዘልቁ የአንጀት ባክቴሪያን ወደ ደም ይዘው ይገባሉ። እዚህ ደረጃ ደርሶ ካልታከመ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን በማቀጣጠል ረገድ እነዚህ መድኃኒቶች ከኤችአይቪም ይብሳሉ።

በትምህርት ቤት የሚታደለው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ይህን ትል ብዙም አያጠቃውም፤ ተመራጩ አይቨርሜክቲን ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ ምርመራ «ነጻ» ቢል እንኳ ትሉ የለም ማለት አይደለም፤ ትኩስ ሰገራ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ መታየት አለበት። ስለዚህ በመስኖ ማሳ በባዶ እግሩ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ፕሬድኒሶሎን ሲታዘዝለት፣ የመጀመሪያውን ኪኒን ከመዋጡ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር።