ለዶሮ ቤት መብራት የሚበቃ የሶላር ፓኔል እንዴት ይመረጣል?

እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በቀን 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ሲያገኙ በደንብ ይጥላሉ። በአገራችን ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ ቀሪውን 4 ሰዓት በመብራት መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ተጀምሮ የሚቋረጥ መብራት ጨርሶ ካልተጀመረው ይብሳል። ብርሃኑ በድንገት ሲያጥር ዶሮዎቹ እንቁላል ይቀንሳሉ፤ ላባቸውንም ሊያራግፉ ይችላሉ። ስለዚህ ፓኔል ከመግዛት በፊት ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል።

ሒሳቡ የሚጀመረው ከፓኔሉ ሳይሆን ከመብራቱ ነው። 3 ባለ 5 ዋት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቢበሩ፣ 3 በ5 በ4 ተባዝቶ 60 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ለሞባይል ቻርጅ 15 ይጨመር፤ ባትሪ ካለ ጎረቤትም መሰካቱ አይቀርም። የቀኑ ፍጆታ 75 ዋት-ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ከፓኔሉ ጀርባ የተጻፈው ዋት የተለካው በፋብሪካ፣ በኃይለኛ ብርሃንና ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ እያለ ነው። ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን ይግላል፣ አቧራ ይለብሳል፤ በሽቦና በባትሪም ውስጥ ኃይል ይባክናል። ለዚህ ሁሉ ከ100 እጅ 30ውን መቀነስ ይበጃል። የሙሉ ፀሐይ ሰዓት በበጋ 6፣ በክረምት 4 ተብሎ ቢያዝ፣ ባለ 20 ዋት ፓኔል በበጋ 84 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ገዢውም በቃኝ ይላል። ሐምሌ ሲገባ ግን 56 ብቻ ስለሚሰጥ በየቀኑ 19 ይጎድላል፤ ባትሪው ቀስ በቀስ ይራቆትና መብራቱ ከሌሊቱ 4 ሰዓት በፊት መጥፋት ይጀምራል። ለዚህ ቤት የሚበቃው ባለ 30 ዋት ነው፤ ደመና ለሚበዛበት ቀበሌ ባለ 40ው ይሻላል።

ዋቱ ቢበቃም ቮልቱ ካልተጣጣመ ዕቃ ይቃጠላል። "ባለ 12 ቮልት" የሚባለው ፓኔል በፀሐይ 18 ቮልት ገደማ፣ ምንም ሳይያያዝበት ደግሞ ከ20 በላይ ያመነጫል። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት አምፖልም ሆነ ባትሪ በቀጥታ ከፓኔሉ ጋር አይያያዝም፤ መካከል ላይ ቻርጅ ኮንትሮለር ይገባል። ለዚህ ቤት ባለ 5 አምፔር ይበቃል። ሲገጠም ቅድሚያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻ አምፖሎቹ ይያያዛሉ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ 75 ለ12 ሲካፈል 6 አምፔር-ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ለሁለት ሌሊት እንዲያደርስ ባለ 25 አምፔር-ሰዓት ይገዛል። ክረምት ላይ ኃይል ካነሰ ሞባይሉ ይቅር፤ የዶሮዎቹ ሰዓት አይነካ።

ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። የዛፍ ጥላ ጥግ ላይ እንኳ ቢያርፍበት ኃይሉን በእጅጉ ስለሚቀንስ ቦታው ከጠዋት እስከ ማታ መታየት አለበት። አቧራው ሳይግል በማለዳ፣ በውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል።