የብሎን ቶርክና የማይታየው ውጥረት



«ይህ ብሎን በስንት ይጠበቃል?» የሚለው ጥያቄ ሞተር በሚታደስበት ጋራዥ ሁሉ የሚሰማ ነው። ጠያቂውም መላሹም የሚጠብቁት አንድ ቁጥር ነው። በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የምሻው ቁጥሩ ብቻውን ለምን በቂ መልስ እንደማይሆን ነው። በቶርክ ሬንች የምንለካውና ከብሎኑ የምንፈልገው ነገር የተለያዩ ናቸውና።

ከብሎኑ የምንፈልገው ውጥረት ነው። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ስፕሪንግ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ በሚስብበት ጉልበትም ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር አጣብቆ ይይዛል። ውጥረቱ ካነሰ የሚነደው ጋዝ ግፊት መጋጠሚያውን ያላውሰዋል፤ ጋስኬቱ ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ከበዛ ደግሞ ብሎኑ ይበጠሳል፣ አለዚያም የአሉሚኒየሙን ጥርስ ነቅሎ ይወጣል። በቢዬላ ብሎን ላይ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፤ ብሎኑ ላልቶ ከተበጠሰ ቢዬላው ብሎኩን ሰብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚታደስ ሞተር አይኖርም።

ቶርክ ሬንች ግን ውጥረትን አይለካም፤ የሚለካው ለማዞር የወጣውን ጥረት ነው። ከዚህ ጥረት 50 በመቶ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰበቃው ሲለወጥ፣ ሬንቹ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነካ ውጥረቱ በእጅጉ ይለወጣል።

ይህን በስሌት እንየው። ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በራሱ ላይ 10.9 የተጻፈበትን ብሎን እንውሰድ። ይህ ብሎን ቋሚ ለውጥ ሳይደርስበት የሚችለው ውጥረት 48 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ከዚህ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 36 ኪሎ ኒውተንን እንምረጥ። በተለመደው ቀመር መሠረት ቶርክ የሚገኘው ውጥረቱ በዲያሜትሩና ሰበቃን በሚወክለው ቁጥር ሲባዛ ነው። ለደረቅ ጥርስ ይህን ቁጥር 0.2 ብንል ቶርኩ 72 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አሁን ያንኑ ብሎን ዘይት ቀብተን፣ ቁጥሩ ወደ 0.15 ወርዶ፣ በዚያው በ72 ብናጠብቀው ውጥረቱ 48 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። ሬንቹ ምንም አልተሳሳተም፤ ብሎኑ ግን ከወሰኑ ጫፍ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ትክክለኛውን ቁጥር የምንፈልገው ከነሁኔታው ነው። መነሻው የመኪናው ስም ሳይሆን የሞተሩ መለያ ነው፤ አንድ ዓይነት መኪና በተለያዩ ሞተሮች ይሠራልና። ከዚያ የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ጥርሱ ዘይት ይቀባ እንደሆነ፣ ብሎኖቹ በምን ቅደም ተከተልና በስንት ዙር እንደሚጠብቁ፣ አሮጌው ብሎን ዳግም ይገባ እንደሆነ ይናገራል። በብሎን መጠንና ጥራት የተዘጋጁ አጠቃላይ ሰንጠረዦችም አሉ። እነዚህን ለቴስታታ መጠቀም አልደግፍም። ሰንጠረዡ የሚያውቀው ብሎኑ የሚችለውን ነው፤ ጋስኬቱ የሚፈልገውንና አሉሚኒየሙ የሚሸከመውን አያውቅም።

መሐንዲሶች ከሰበቃ ለማምለጥ ያገኙት አንዱ መንገድ ማዕዘን ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ ብዙ የምናያቸው የ1990ዎቹ ኮሮላዎች ከተገጠመላቸው ሞተሮች አንዱ የሆነውን የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢን እንመልከት። የቴስታታው 10 ብሎኖች በመጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ፣ ከዚያም ሌላ 90 ዲግሪ ይዞራሉ። የመጀመሪያው ቶርክ ክፍሎቹን ለማገናኘት ብቻ ያገለግላል። ቀሪውን የሚወስነው የጥርሱ ርቀት ነው፤ በቀደመው ምሳሌያችን ሩብ ዙር ማለት፣ ጥርሱ ቢደርቅም ቢረጥብም፣ 0.375 ሚሊ ሜትር ጉዞ ነው። በብሎኑ ራስ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ጽዳቱ ቀላል ስለሚመስል ይዘነጋል። በብሎኩ ቀዳዳ ሥር ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኑን ይገፋል፤ ሬንቹ «ደርሷል» ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም። አንዳንዴም ብሎኩ ይሰነጠቃል።

በመጨረሻ ስለ መለኪያ አሃድ። ያው 29 ኒውተን ሜትር በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር 300፣ በፉት ፓውንድ 22 ተብሎ ይጻፋል። በፉት ፓውንድ የተቀረጸ ሬንች ይዞ 29 ላይ የሚያጠብቅ ሰው 39 ኒውተን ሜትር ሰጥቷል፤ ማዕዘኑን ገና ሳይጀምር አንድ ሦስተኛ ያህል አልፏል። የዛሬው ሬንች በምን አሃድ እንደተቀረጸ ጠረጴዛው ላይ ታዩታላችሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ከዚያ መጀመር ትችላላችሁ።